በር ላይ የቆመችው ልጅ

ልጅቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ገፍታ አትገባ፣ ተመልሳ አትሄድ። ታሪኳ በድምፅ የተቀዳበት መጽሐፍ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ እጇን ዘርግታ እጀታውን ትይዛለች፤ ወዲያው ተራኪው ጸጥ ይላል።

ፕሮግራመሯ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በጆሮ የሚደመጥ ቤተ መጻሕፍት እየሠራች ነበር። ዋናው ፕሮግራም ከነጓዙ «ኮንቴነር» በሚሉት ዝግ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ይሠራል፤ ድምፁን የሚያስተላልፈው ግን እሷ ጽፋ የቀጠለችበት፣ «ፕለጊን» የሚሉት ትንሽ ተቀጥላ ፕሮግራም ነው። ጥፋቱም ያለው እዚያው ነው። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ካልተስተካከለ ትምህርት ቤቱ ነገሩን ሊተወው ቆርጧል።

ከዚያ ይበልጥ ያንገበገባት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የጠዋት ስልክ ነው። ኃላፊዋ ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ገጹ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ኮምፒውተራቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ ያቺን ምስኪን በር ላይ አታቁሚያት እንጂ፤ እግሯ አበጠ እኮ!» ነበር ያሏት እየሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ያልሞከረችው የለም። መስመር ትቀይራለች፣ ሳጥኑን አጥፍታ ታስነሳለች፣ ሰባት ደቂቃ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ልጅቷ ንቅንቅ አትልም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ምክር ስለሚያበዛ «ሽማግሌው» የሚሉት ባልደረባዋ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ቆይ፣ ፕሮግራሙ እዚያ መድረሱን በምን አወቅሽ? ምልክት አስቀምጪበት እስቲ።»

የሙያው ልማድ ነው። መላው የጠፋው ሰው ኮዱ መሀል አንድ ጽሑፍ ጣል ያደርጋል፤ ጽሑፉ ብቅ ካለ ፕሮግራሙ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ድካምና ንዴት ተደባልቆባት፣ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ በአድማጩ ገጽ እንዲወጣ «እማዬ፣ ደረስኩ!» ብላ ጻፈች። ጠበቀች። አልወጣም። ሌላ ምልክት ገና መነሻው ላይ፣ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ላይ አስቀመጠች። እሱም የለም።

«ውይ በሞትኩት!» ብላ ብድግ አለች።

ሳጥኑ የታሸገው የድሮውን ፕለጊን ቅጂ ይዞ ነው። እሷ ውጭ ያለውን ስትጠጋግን፣ ሳጥኑን እንደገና ማሸግ ረስታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታጠፋና ስታስነሳ ከርማለች! የመጀመሪያው ቀን ማስተካከያ ምናልባት ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የዳነ በሽተኛ ስታክም ነው የባጀችው። ሽማግሌው ሳቁን ለመዋጥ ታገለ፤ አልቻለም። እሷም እንባዋ እስኪፈስ አብራው ሳቀች።

የመጀመሪያውን ማስተካከያ መልሳ፣ መነሻው ላይ ያስቀመጠችውን ምልክት አጥፍታ፣ አዲስ ሳጥን አሽጋ ላከች። ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው፤ ለሙከራ ጊዜ የለም። ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ይክፈቱት።»

በስልኩ ውስጥ ተራኪው ይሰማታል። አምስት ደቂቃ ሆነ። ስድስት። ተማሪዎች ሳይሰበሰቡ አልቀሩም፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ እጀታውን ያዘች። ፕሮግራመሯ የሽማግሌውን ክንድ ጨምቃ ያዘች።

«በሩም ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ» አለ ተራኪው።

ወዲያው የኮምፒውተሩ ደረቅ ድምፅ ከላይ ጮኸበት፦

«እማዬ፣ ደረስኩ!»

ፊቷ በእፍረት ጋለ። የሰባተኛውን ደቂቃ ምልክት ሳታጠፋው ልካዋለች! በስልኩ ወዲያ ማዶ ግን ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

«እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ ኃላፊዋ። «ግቢ፣ ግቢ! ደክሞሻል፤ ቁጭ በይ!»

ፕሮግራመሯ ሳታስበው ወንበሯን ስባ ቁጭ አለች።