የስታሜንካ እንቁላሎች

ስታሜንካ የተቀበረች ዕለት ባሏ ቪዶዬ አላለቀሰም። ከቀብር መልስ ጥቁር ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ወንዙ ዳር ወዳለው የዓሣ ማርቢያ ወረደ። «ምን ዓይነት ድንጋይ ሰው ነው!» ብለው ሲያሙት ሰማ፤ ምንም አልመሰለውም። እውነትም የሚሰማው ነገር አልነበረም። ውርጭ ውሃ ውስጥ እንደቆየ እጅ ሁለመናው ደንዝዞ ነበር።

እዚያ ያሉት የዓሣ እንቁላሎች የእሷ ነበሩ። ልትሞት ጥቂት ሲቀራት የእናት ዓሣዎቹን ሆድ በመዳፏ አባብላ ጨምቃ፣ ከወንዱ ዘር ጋር በላባ አዋህዳ፣ በወንፊት ሳጥኖች የደረደረቻቸው እሷ ናት። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሷ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር ይኸው ነው።

የዚህ ሥራ ሕግ ጨካኝ ነው። እንቁላሎቹ ዓይን እስኪያወጡ፣ የፅንሱ ዓይን እንደ ጥቁር ነጥብ ከውስጥ እስኪታይ፣ አይነኩም፤ ሳጥኑ ትንሽ ቢናጥ እንኳ ያልቃሉ። ዓይን ካወጡ በኋላ ነው የሞተው ከደህናው የሚለቀመው። እስከዚያው ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ከሆነ ሻጋታው ከሞተችው እንቁላል ብዙም አይሻገርም። ከቆሸሸ ግን ወዮ!

አንድ ጠዋት ክዳኑን ቢያነሳ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ከእንቁላል እንቁላል ተሻግሮ አገኘ። ውሃውን ጨለፍ አድርጎ አሸተተው። የኮመጠጠ ፕሪም ይሸታል።

ወንዙን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ከመታጠፊያው በላይ የስታሜንካ ወንድም ሚሎያ የፕሪም አረቄ ማውጫውን ጥዶ፣ አተላውን በባልዲ ውሃው ውስጥ ይገለብጣል።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?»

«የእህቴን አርባ እየደገስኩ ነዋ! የሩቅ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። አረቄ አነሰ ተብሎ ልዋረድ?»

«አተላውንስ?»

«እሱንማ ውሃ ይወስደዋል።»

«ወሰደው» አለ ቪዶዬ። «እንቁላሎቿ ላይ ወስዶ ደፋው። ሻጋታው እሱን በልቶ ነው የወፈረው።»

ሚሎያ ባልዲውን እንደያዘ ፊቱ አመድ መሰለ። «በል ምታኝ! ስደበኝ! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር በል!»

ቪዶዬ ቁጣውን ፈለገው፤ አጣው። «ሁለተኛ እንዳትደፋ» ብሎ ቁልቁል ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መቀመጥና ማየት ብቻ ሆነ። ጥጡ ይሰፋል፤ እሱ መንካት አይችልም።

በአርባው ቀን ቤቱ በሰው ጢም አለ። ቪዶዬ ግን የለም። ሚሎያ ሊጠራው ሲወርድ የመጨረሻው ሳጥን ላይ አጎንብሶ አገኘው።

«ኧረ ቄሱ ቆመው እየጠበቁህ ነው! ለነፍሷ የተቀቀለው ስንዴ ሊባረክ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ና፣ መብራቱን ያዝልኝ።»

ሌሎቹን ሳጥኖች ሻጋታው ጨርሷቸዋል። በዚህኛው፣ ውሃው በኃይል በሚገባበት ጥግ፣ እፍኝ የማይሞሉ ብርቱካንማ እንቁላሎች ተርፈዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ። ቪዶዬ በላባ እየፈለቀቀ፣ የሞተውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ ያደርጋል።

ሚሎያ ጎንበስ ብሎ አየ። «እያዩኝ ነው እኮ» አለ።

«አንተን ብቻ አይደለም» አለ ቪዶዬ። እንባው ሳጥኑ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ላባውን ግን ከውሃው አላወጣም።