የዶክተር ሌኦካዲያ ምድጃ

የሰው ልጅ ከሚቀበላቸው ውለታዎች ሁሉ፣ አፉን ሳይፈታና ስሙን ሳይለይ የተደረገለትን ያህል ፈጽሞ የሚረሳው የለም፤ ይህም የልቡ ክፋት ሆኖ ሳይሆን፣ ተፈጥሮ ራሷ የሕፃንነትን ዘመን በመጋረጃ ስለምትሰውርበት ነው። እንግዲህ ለባዊና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለአራስ ሕፃናት ብቻ የደከመ ሐኪም ምን ያህል ብቸኛ እንደሚሆን እስቲ ገምት! ጎልማሳ ያዳነ ሐኪም በመንገድ ሲያልፍ ባርኔጣ ይነሣለታል፤ በዓል ሲደርስ ስጦታ ይላክለታል፤ ሕፃን ያዳነው ግን፣ ያዳነው ሰው ጢም አብቅሎ ትከሻ ለትከሻ እየገፋው ሲያልፍ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። በኩባ ደሴት በካማጉዌይ ከተማ የኖረችው የዶክተር ሌኦካዲያ ባልማሴዳ ዕጣ ደግሞ ከዚህም ይመር ነበር፤ ዓለም ሁሉ ቢረሳት ግድ አልነበራትም፤ በዚህ ዓለም የምትፈልገው የአንዲት ሴት ወዳጅነት ብቻ ነበር፤ ያችም ሴት የሆነውን ልትረሳ አልቻለችም።

ያች ሴት ታናሽ እህቷ ኦቲሊያ ናት። ሁለቱ እናትና አባታቸውን በአንድ የወረርሽኝ ዘመን አጥተው፣ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ ከአንድ ሳሕን በልተው ያደጉ ናቸው፤ ታላቂቱ ዝምተኛና ደረቅ፣ ታናሺቱ ሳቂታና ተጫዋች ስለነበሩ፣ አንዷ የጎደላትን አንዷ ትሞላላት ነበር። ሌኦካዲያ ሕክምና ልትማር ወደ ሃቫና በሄደች ጊዜ፣ ኦቲሊያ የሰው ልብስ እየሰፋች ዓይኗ እስኪደክም ድረስ አስተማረቻት። በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና የወንዶች ርስት ነበር፤ በአራስ ሰውነት ላይ ስለት ማሳረፍ ደግሞ ከእብደት ይቆጠር ነበር፤ የዘመኑ ሊቃውንትም «ሕፃን ማለት ትንሽ ጎልማሳ ነው» ብለው አስተምረው፣ ሕፃኑ ሲሞትባቸው ትንሽነቱን ይወቅሱ ነበር፤ እንዴት ያለ ምቹ ትምህርት ነው እናንተ! ሌኦካዲያ ግን ከሃቫናም አልፋ ባሕር ተሻግራ ይህን ረቂቅና አስጨናቂ ጥበብ ተምራ ተመለሰች፤ በከተማዋም የዚህ ጥበብ በኵር እርሷ ሆነች።

የተመለሰችበት ሆስፒታል ሹም ዶክተር ፋውስቲኖ የሚባሉ፣ ሽቶ የሚያበዙና ክብራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ከገንዘባቸውም ከልጆቻቸውም አብልጠው የሚኮሩበት፣ ከባሕር ማዶ ያስመጡት የአየር ማቀዝቀዣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀንና ሌሊት ያጓራ ነበር፤ በዚያ ሐሩር አገር ሐኪም ሳያልበው የሚሠራበት ክፍል መኖሩ እንደ ተኣምር ስለታየ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጎበኝ ነበር። በዚያው ወራት ኦቲሊያ የበኵር ልጇን ወለደች፤ ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ በአረፋ ይመልሰው ጀመር፤ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ከተፈጥሮው ተዘግቶ ነበርና። የገዛ ዘመድን በስለት መንካት በሐኪሞች ዘንድ ነውር ቢሆንም፣ ይህን ጥበብ የሚያውቅ ሌላ ሰው በከተማው አልነበረም። ኦቲሊያም፣ «ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? እንኪ፣ ውሰጂው» ብላ ልጇን አስታቀፈቻት። ሌኦካዲያም የተዘጋውን ከፈተች፣ የተለያየውን አገናኘች፤ አንዲት ስፌት እንኳ አልተዛነፈችባትም፤ የሕፃኑ ልብ ግን እየዘገመ፣ እየዘገመ ሄዶ ቆመ። ጨርቁን ገልጣ እግሩን ብትዳስሰው በረዶ ሆኖ ጠበቃት። ማቀዝቀዣው ለሐኪሞቹ ምቾት ሲያጓራ፣ ራሱን ማሞቅ የማይችለው አራስ ከሥሩ ደርቆ ነበር። ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት አገር ሕፃን በብርድ ሞተ! አይ የሰው ልጅ ዕውቀት!

በዚያ ሆስፒታል ሕፃን ሲሞት ለእናቲቱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ማሰናበት የጸና ልማድ ነበር፤ ዶክተር ፋውስቲኖም ይህንኑ መከሯት። ሌኦካዲያ ግን ለዚያች ለእህቷ መዋሸት አልሆነላትም። ከቀብር በኋላ ቤቷ ሄዳ፣ «ኦቲሊያ፣ ልጅሽን ያጠፋው ደዌው አይደለም፤ ብርዱ ነው። ክፍሉ ለእርሱ መሞቅ ነበረበት፤ እኔም አላወቅሁም» አለቻት። ኦቲሊያም፣ «ምነው ፈቃዱ ነው ብትይኝ! እርሱን እችለው ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች። በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደጁ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለቱ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ኦቲሊያ እህቷን ከሩቅ ባየች ጊዜ ተነሥታ ትገባለች፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። ሌኦካዲያን የሚያመው ያ ቀስታው ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰች ጊዜ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ማቀዝቀዣው ይዘጋልኝ» የሚል ሆነ። ዶክተር ፋውስቲኖ በቁጣ ነደዱ። «አብደሻል እንዴ? ስንት እንግዳ የሚደነቅበትን መሣሪያ! ሐኪሞቹ በላብ ሊጠመቁ ነው?» አሏት። «እኛ ልብስ መቀየር እንችላለን ጌታዬ፤ ሕፃኑ ግን ነፍስ መቀየር አይችልም» ብላ መለሰች። ከስንት ሙግት በኋላ አንዲት ጠባብ የዕቃ ክፍል ሰጧት፤ እርሷም መስኮቱን ደፈነች፣ በአልጋው ዙሪያ ሙቅ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶችን ደረደረች፣ የሕፃናቱን እጅና እግር በጥጥ ጠቀለለች። ክፍሉን «ምድጃው» ብለው ሳቁባት፤ አንዱ ረዳት ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ሌላው «እኔ ዳቦ ነኝ እንዴ?» ብሎ ጥሏት ሄደ፤ ኒኮላሳ ከምትባል አንዲት ግትር ነርስ በቀር አብሯት የቀረ አልነበረም። ነገር ግን ሕፃናቱ አልሞቱም! አረፋ የሚተፉት መጥባት ጀመሩ፤ አንጀታቸው ከሆዳቸው ውጭ የተወለዱት ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከደሴቲቱ ዳርቻ ሁሉ በባቡር ያመጡላት ጀመር። የሳቁባት ደቀ መዛሙርቷ ሆኑ፤ ሹመትም ሽልማትም መጣ። እርሷ ግን ማታ ማታ ብቻዋን በልታ፣ ብቻዋን ሳሕኗን አጥባ ትተኛ ነበር። መንገዱን የሚያስረዝምባት ቢሆንም ሁልጊዜ በኦቲሊያ ደጅ ነበር የምታልፈው፤ አንድ ቀን እህቷ ሳትገባ ቀርታ፣ «እንዴት አመሸሽ?» ትለኛለች ብላ ትመኝ ነበርና። በእውነት፣ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ዘመናት አለፉ፤ የሌኦካዲያ ጠጉር ሸበተ። ኦቲሊያ ከሐዘኗ በኋላ የወለደቻት ግራሲዬላ አድጋ ተዳረች፤ እርሷም የበኵር ልጇን ስትወልድ፣ ሕፃኑ ያንኑ አረፋ ይተፋ ጀመር። ያን ጊዜ ኦቲሊያ የልጅ ልጇን ታቅፋ ወደ ምድጃው መጣች፤ የእህቷን ፊት ሳታይ፣ «አደራ» ብላ አስታቀፈቻት። ደቀ መዛሙርቷ ሥራውን እንድትተውላቸው ለመኗት፤ አልሰማቻቸውም። ያረጁ እጆቿ ያን ቀን እንደ ልጃገረድ እጆች ሆኑላት፤ ሕፃኑም ቀላ፣ ሞቀ፣ አለቀሰ። ከዚያም አያቲቱ በአልጋው አጠገብ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ላቡ በአንገቷ እየወረደ፣ ሕፃኑን ትኩር ብላ ስታይ ቆይታ፣ በስንት ዘመን የመጀመሪያዋን ጥያቄ ጠየቀች።

«ያን ጊዜ ይህ ሙቀት ቢኖር፣ ያ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

ኒኮላሳ ከጀርባ ሆና «አይ በያት» እያለች በዓይኗ ትለምናት ጀመር። ሌኦካዲያም በልቧ የጠበቀችው ወዳጅነት በዚህች መልስ ላይ እንደተንጠለጠለ አወቀች።

«ይተርፍ ነበር» አለች።

ኦቲሊያ በመሐረብ ፊቷን ጠረገች። ሕፃኑ ወተቱን ሳይመልስ ጠብቶ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ጠዋት ግን፣ ግራሲዬላን አስቀድማ ልጁን አስይዛ ሰደደችና እህቷን እጇን ያዘቻት። «ይቅር ካልሁሽ ቆይቷል፤ በዚያው ዓመት ነው ይቅር ያልሁሽ» አለቻት። «ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር፣ ልጄ ዛሬ ስንት ዓመት ይሆነው ነበር እያልሁ እቆጥራለሁ፤ አሁን ይህን ልጅ ባየሁ ደግሞ ባሰብኝ። አልጠላሁሽም፣ እህቴ። ማየቱን ነው ያልቻልሁት። እባክሽ፣ በደጄ አትለፊ።»

«እሺ፣ እህትዓለም» አለች ሌኦካዲያ። የኦቲሊያ እጅ ከእጇ ውስጥ ወጣ። ወዲያውም ኒኮላሳ ሌላ አራስ መምጣቱን ነገረቻት፤ እርሷም ወደ ውስጥ ገብታ እጇን ትታጠብ ጀመር። ክቡር አንባቢ ሆይ፣ በደልን ይቅርታ ይፈውሰዋል፤ ናፍቆትን ግን ከናፈቁት ሰው በቀር የሚፈውሰው የለም።