ልክ የነበረችው ቲምፓኒ መቺ

ቲምፓኒው የጮኸው ሌላው ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ነው። ያውም በመጨረሻው ልምምድ፣ ያውም መቺዋን ሊመዝን በቆመው የኦርኬስትራው መሪ ፊት።

ልጅቷን የሙዚቃ ሰልጣኝ ጓደኞቿ «ቆጣሪ» ይሏታል። ቲምፓኒ የሚመታ ሰው ከሚመታበት ጊዜ ይልቅ ተቀምጦ የሚቆጥርበት ይበልጣል፤ እሷ ደግሞ ቆጠራ ተሳስታ አታውቅም። ቤት ውስጥ እነዚያን ትልልቅ የመዳብ ከበሮዎች የምታስቀምጥበት ቦታ ስለሌላት የምትለማመደው በእናቷ ትራሶች ላይ ነው። እናቷም «የትራሱ ጥጥ አንድ ቀን ተኝቼ ሳለሁ አፌ ውስጥ ይገባል» እያለች ትነጫነጫለች። ይህ ሁሉ ድብደባ ለአንድ ወንበር ነበር። የትልቁ ኦርኬስትራ ቲምፓኒ መቺ ጡረታ ወጥቷል፤ ሰልጣኞቹንም የሚመራው የዚያው ኦርኬስትራ መሪ እሷን ይቀጥራት እንደሆነ የሚወስነው በዚያው ቀን አስር ሰዓት ከሚቀርበው የሰልጣኞች ኮንሰርት በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሰልጣኞቹ ኦርኬስትራ ክላርኔት የሚነፋው ታናሽ ወንድሟ ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ ላይ ሁለት ሜዠር፣ ማለትም ሁለት የኖታ ክፍል፣ ዘለለ። ቫዮሊኖቹ ሰሙትና አብረውት ዘለሉ። ቼሎዎቹም ተከተሉ። እሷ ግን ቆጠራዋን ሙጥኝ ብላ ቀረች። ሌሎቹ ቀድመው ኖታው ላይ የተጻፈው ጸጥታ ላይ ሲደርሱ እሷ በሰዓቷ፣ ባለ በሌለ ጉልበቷ መምቻዋን አወረደችው። የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች ከወንበሯ ብድግ አለች።

ቆጣሪ ኖታዋን ይዛ ወደ መሪው ወረደች።

«እኔ ልክ ነኝ። ይኸው።»

መሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ልክ ነሽ። ስልሳ ሰው ተሻግሮ ሄደ፣ አንቺ ልክ ሆነሽ እዚህ ቀረሽ። ብቻዬን ልክ ልሁን ካልሽ እቤት የናትሽ ትራስ አለልሽ።»

የትራሱን ነገር ማን እንደነገረው ለማወቅ ዞር አለች። ወንድሟ የክላርኔቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይመረምር ነበር።

«አስር ሰዓት ላይ» አላት መሪው፣ «ኖታሽን ብቻ ሳይሆን ጆሮሽንም ይዘሽ ነይ።»

የምሳ እረፍት ሲሆን ወንድሟን በክንዱ ይዛ የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል አስገባችው። ባዶ የቼሎ ሳጥኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጥግ ላይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተከምረዋል፤ መሀል ላይ አሮጌ ቲምፓኒ አለ።

«ትንፋሽ አጥሮኝ እኮ ነው እትዬ። ይቅርታ።»

«ይቅርታህን ኪስህ ክተት። ክላርኔትህን አውጣ።»

«ምሳ አልበላሁም።»

«ሥራዬን በልተህ አልጠገብክም?»

አወጣ። ያዘዘችው ቀላል ነበር፤ እንዳሻው ይጫወት፣ ይዝለል፣ ይጎትት፣ ይድገም፣ እሷ ሳትቆጥር ትከተለዋለች። በመጀመሪያው ሙከራ ቀደመችው። በሁለተኛው ዘገየች። በሦስተኛው ክላርኔቱን ከአፉ አወረደ።

«ከንፈርሽ እየተንቀሳቀሰ ነው። ትቆጥሪያለሽ።»

«አልቆጥርም።»

«እሺ፣ ጸሎት ነው እንበል።»

እርሳስ አንስታ በጥርሷ ነከሰችና በመምቻዋ «ቀጥል» አለችው። አሁን ከንፈሯ ሥራ ሲፈታ ዓይኗ ነቃ። ወንድሟ የመጨረሻውን ድምፅ ሊለቅ ሲል የግራ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወዲያው በአፍንጫው አጭር አየር ይስባል። ቢዘልም ቢጎትትም፣ ያቺ ትከሻ አትዋሽም። ዓመት ሙሉ ከጀርባው ቆማ ይህን አይታ አታውቅም፤ ዓይኗን ከኖታው ላይ መቼ አንስታ። በአምስተኛው ሙከራ አብረው አረፉ። እንደገና አስነፋችው፤ እንደገና አረፉ። እርሳሱን ተፍታ «ድገመው» አለችው፤ ከንፈሩ እስኪያብጥ ደገመው።

አስር ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ከኋላ በር አጠገብ የቆሙም ነበሩ። ክላርኔቱ ተነሳ፣ ብቻውን ቀረ፣ አልዘለለም። እሷ ግን የወንድሟን ፊት በጎን ስታየው ነገሩ ገባት። ሲያታልላት የዋለው ልጅ የገዛ ራሱ ቆጠራ ጠፍቶበታል። መጨረስ የነበረበትን ዜማ እንደገና ጀመረው።

በውስጧ ያለው ቁጥር «አሁን» አላት። እጆቿ ተነሱ። የመሪውም እጅ ተነሳና አየር ላይ ቀረ። ቫዮሊኖቹ ቀስታቸውን ገመዱ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ክላርኔቱ ይዘፍናል። መምቻዎቹን አየር ላይ እንደያዘች ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ ያቺን የወንድሟን ትከሻ ብቻ አየች። አልተነሳችም። አሁንም አልተነሳችም።

ተነሳች። አየር ተሳበ። አወረደችው።

ስልሳው ሰው አንድ ላይ አረፈ። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ደረታቸውን ያዙ፤ መብራቱ ራሱ የተነቃነቀ መሰለ። ቆጣሪ ጥርሷን ገልጣ እየሳቀች ቀጣዩን መታች፤ ከዚያም ቀጣዩን። ሁለት ሜዠር አለፈና ጸጥታው መጣ፤ ስልሳ አንድ ሰው ዝም አለ።

ጭብጨባው ሲያበቃ መሪው ወደ ቢሮው ጠራት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ያ ወንድምሽ ስንት ሜዠር ነው የጨመረብን?»

አሳምራ ታውቀዋለች። «እንጃ፣ አልቆጠርኩም።»

«ቆጣሪ አይደል የሚሉሽ?»

«የሰው አፍ ምን ይደረጋል።»

መሪው ሳቀና በፎጣ አንገቱን ጠረገ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ልምምድ አለን። ወንበሩ ያንቺ ነው።» ወዲያው ወደ ኋላ ተለጠጠ። «እኔ ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ እንግዲህ…»

ከኮሪደሩ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል። ዜማውን የደገመው እህቱ ዝግጁ ስላልነበረች እንደሆነ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ እየተረከ ነው።

«ጋሼ ይቅርታ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ሁለት ተኩል ላይ እደርሳለሁ» አለች በአንድ ትንፋሽ። «ውጪ አንድ የማስተካክለው ሰው አለ።»

ወጥታ በሩን ዘጋችው።