በገብርኤል ቀን የቆመው ስሌት

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ሕሊናን እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏታል። ደባርቅ ባንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ልቧ ግን ያለው ጃናሞራ ነው። ከተወለደችበት መንደር በላይ ያለው ዳገት በዝናብ ተሰንጥቋል። አባቷ ቄስ መልከ ጼዴቅ የመንደሩ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው፤ ሕዝቡ እሳቸው ካልተነሡ አይነሣም። እሳቸው ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግረዋታል፦

«በግምት ሕዝብ አላፈናቅልም፣ ልጄ። ያ ማሽንሽ ይናዳል ካለ ግን እንወጣለን።»

አንድ ማሽን የታለና! ያላት የክረምት ተማሪዎች የሚሻሙበት የኮሌጁ የኮምፒውተር ላብ ነው። ዳገቱ ይናድ እንደሆነ የሚለየውን ስሌት አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ልሥራው ቢል ክረምቱ ያልቃል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ለላቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ አከፋፈለችው። ችግሩ፣ ተማሪ መጥቶ ከተቀመጠ ኮምፒውተሩ የተማሪው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን እንደ ደቦ አድርጋ ጻፈችው፦ አንዱ ኮምፒውተር ለተማሪ ሲለቀቅ ድርሻውን ሌላው ያነሣል፤ ተማሪው ሲሄድ ተመልሶ ይገባል። የሄደው የሠራው እንዳይጠፋ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ውጤት በሜሞሪው ይይዛል። በሜሞሪ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው! ዲስክ ላይ መጻፍ ሥራውን ያዘገየዋል ብላ ተወችው። መብራት ቢሄድ ባትሪና ጀነሬተር አለ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ባንዴ ይጠፋሉ ብሎ ማን ያስባል?

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ተማሪ አይመጣም፤ ላቡ በሙሉ የሷ ነው። የሳምንቱ ድካም ማታ ሊያልቅ ነው። ደስ ብሏት ነጠላዋን አጣፍታ ልታስቀድስ ሄደች። ስትመለስ ላቡ ጭር ብሏል። የላቡ ጠባቂ አቶ ሀብተ ሚካኤል ባትሪውንም ዋናውን መብራትም አጥፍተው፣ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ጨርቅ አልብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«አሳረፍኋቸዋ! በገብርኤል ቀን በሬ እንኳ አይጠመድም። እነዚህ ምን በደሉ?»

ወይ ጉድ! ምን ይባላል? ሰውዬው ክፉ አላሰቡም። ሕሊና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ መብራቱን አበራችና፣ በዚህኛው ዙር ዲስክ ላይም እንዲጽፍ አድርጋ፣ ስሌቱን ከሀ ጀመረች። ገና መጀመሯ ነው አባቷ ደወሉ።

«ልጄ፣ ስንጥቁ ሰፍቷል። ማሽኑ ምን አለ?»

አላወቅሁም ብትል አይወጡም። ዛሬ ሌሊት ቢናድስ?

«ይናዳል አለ፣ አባዬ። ውጡ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሷ ግን እያደር ከበዳት። ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ኮምፒውተሮቹ ሲለቀቁና ሲመለሱ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ስሌቱ አለቀ። ዳገቱ አይናድም። የተሰነጠቀው የላይኛው አፈር ብቻ ነው፤ ሥሩን አለት ይዞታል። ደጋግማ አየችው፤ ያው ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ውሸቷ እንደከበዳት ለአባቷ ደወለች።

«ሁላችንም ማዶ ሜዳው ላይ ነን» አሉ አባቷ። ድምፃቸው በብርድ ሻክሯል። «ታቦቱንም ይዘን ወጥተናል፤ ድንኳን ውስጥ ነው። ያለ ንግሥ፣ ያለ ጥምቀት እንዲህ ሲወጣ አይቶ ሕዝቡ ያላለቀሰ የለም። ካህናቱ እንቢ ሲሉኝ፣ ‘ልጄ አትዋሽም’ ብዬ ነው ያስወጣሁት።»

«አባዬ፣ አይናድም። ገና አሁን ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ማሽኑ ምንም አላለም ነበር። ይናዳል ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳትሞቱብኝ ፈርቼ ነው።»

ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማታል። «አባዬ?» አለች።

«አለሁ» አሉ። «ሕዝቡስ ቤቱ ከተረፈለት ደስ ብሎት ይገባል። እኔ ግን በቃልሽ ያስወጣሁትን ታቦት ምን ብዬ ልመልሰው?»