ድምፅ የሌለው ሞተር

ቤት ውስጥ «አምቡላንስ» ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ ባሌ ነው። ስልክ ሲጮህ ከማንም በፊት እኔ ነኝ የምደነግጠው፤ ማንም ሳይታመም ሆስፒታል የምንደርስበትን ሰዓት አሰላለሁ። ስሙን ተቀብዬዋለሁ። እንደ እናቴ ዓይነት እናት ያለው ሰው ሳይሰጋ ውሎ ቢያድር ነው እኔን የሚገርመኝ።

የእናቴ ሳንባ ከተጎዳ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደህና ስትሆን ደህና ናት፤ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ሽንኩርት እየላጠች ሰው ታማለች። ሲነሳባት ግን ከንፈሯ ይጠቁራል። ሐኪሟ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠራኝና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኦክስጅን ካላገኘች ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት ነገረኝ። ከወላጆቼ ቤት እስከ ሆስፒታሉ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ የቀረችው አሥር ደቂቃ ከጭንቅላቴ ወጥታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ሲነሳባት ታክሲ ፍለጋ ብቻ ሰባት ደቂቃ ሄደብን። ስለዚህ እዚያው ቤት የሚቆም መኪና መግዛት ግድ ሆነ። ቀለሙም ሞዴሉም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሞተሩ ነው። እማዬን ሲያፍናት ያለ ምንም ማንገራገር የሚነሳ ሞተር ነበር የምፈልገው።

ችግሩ በቤተሰባችን ውስጥ ስለ ሞተር የማላውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ነው። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ የናፍጣ ሞተር ሲያወርድና ሲጭን የኖረ መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ናፍጣ» ይለዋል። ባሌ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ የሚነዳት መኪና የቤንዚን ናት፤ ቤንዚን ሲነካበት እሱን የነኩት ይመስለዋል። ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጦ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ጠብ መጫር ነው። እኔ ግን ጠየቅኩ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብተር ሞልቶኛል፤ አንዱን በመስመር ከፋፈልኩና ልክ እንደ ፖሊስ ቃላቸውን መቀበል ጀመርኩ።

ባሌ ቀደመ። የቤንዚን ሞተር ቢበርድም ቢሞቅም ቁልፉን ሲያዞሩት ይነሳል አለ። ቀላል ነው፤ መለዋወጫው የትም ሱቅ አለ፤ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ከተማ ውስጥ ሲቆም ሲነሳ ሲውል ነዳጅ እንደሚጠጣ ግን አልካደም። አባቴ ተራው እስኪደርሰው እንኳ አልጠበቀም። ናፍጣ ጉልበት አለው፣ በትንሽ ነዳጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ በወጉ ከያዙት ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው አለ። ባሌ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሲበርደው እስኪሞቅ ድረስ መጠበቅ አለ፤ ሰው ታፍኖ ሞተር ይሙቅ እየተባለ ሊጠበቅ ነው ወይ ብሎ ወጋው። ጭሱን ማንም አላነሳም፤ ሁላችንም ግን ወደ እናቴ ዞር ብለን አየን።

በማግስቱ የትምህርት ቤታችንን የሳይንስ መምህር ያዝኩት። እሱ የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጅ ነው። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ፤ ማታ ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ ጠዋት ተነቅሎ ይኬዳል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋስ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲያ እንኳን ብዙ ጊዜ አይሆንም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ጉሮሮ መጥረግ ለደብተሬ በቂ ነበር፤ ሰረዝኩት።

መምህሩ አዝኖልኝ መሰለኝ ስለ ሃይብሪድ ነገረኝ። ቤንዚንም ትልቅ ባትሪም ያለው መኪና ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድና ሲቆም በባትሪው ይሠራል፤ ባትሪው ሲቀንስ የቤንዚን ሞተሩ በራሱ ተነስቶ ይሞላዋል፤ መሰካት አያስፈልገውም። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱም ጥቂት ነው። ሁለት ዓይነት ሞተር ያለው መኪና ለእኔ ብለው የሠሩት መሰለኝ። አንዱ ቢያምፅ ሌላው አለ ብዬ ደስ አለኝ። መምህሩ እንደዚያ እንኳ አይደለም ሊለኝ ሞክሮ ነበር፤ አልሰማሁትም።

አባቴ ግን በፍጹም አለ። አራት ወር ሙሉ ናፍጣ፣ ናፍጣ፣ ናፍጣ። ሞተር ማለት ሲነሳ የሚሰማ፣ ሲታመም የሚናገር ነገር ነው ይላል። በመጨረሻ «መኪና ነው የምንገዛው ወይስ ሙሽራ ነው የምናማርጠው?» ብሎ ተቆጣ። እናቴ ሽንኩርቷን አስቀመጠችና ቀና አለች።

«ለመሆኑ ሳንባው የማን ነው?» አለችው። «ጭሱ ያነሰውን ግዙልኝ፤ አለቀ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። የተሸነፈ መስሎኝ አዘንኩለት። በዚያው ወር ግራጫ ሃይብሪድ ገዛን።

መኪናው ሲመጣ ስጋቴ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ። እናቴ ግቢውን ስታቋርጥ እንዳይነሳባት ብዬ በመኝታ ክፍሏና በመኪና ማቆሚያው መካከል ያለው ግድግዳ ተፈልፍሎ በር እንዲወጣለት አስደረግኩ። ከአልጋዋ ተነስታ አምስት እርምጃ ስትራመድ መኪናው ውስጥ ናት። መኪናው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እንዲቆም አዘዝኩ። ነጂው አባቴ ነው። የመኪናውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ቁልፍ አይዞርም፣ ተጭኖ ማስነሳት ነው፤ ሲያጠፉትም መጫን ያስፈልጋል፤ ድምፅ የለውም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ባትሪው ሲወርድ ሞተሩ በራሱ ይነሳል። በየመሃሉ ራሱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» አለኝ። ደግሜ ላስረዳው ስል ባሌ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አርባ ዓመት ሞተር የፈታን ሰው ስለ ሞተር ታስተምሪዋለሽ ወይ ማለቱ ነው።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። አባቴ የእናቴን መድኃኒት ገዝቶ ተመለሰ። ኃይለኛ ንፋስ ነበረ፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። አቧራ ለእሷ መርዝ ስለሆነ መኪናውን ማቆሚያው ውስጥ አስገብቶ የቆርቆሮውን በር እስከ ታች ዘጋው፤ የክፍሏን መስኮትም ዘጋ። ከዚያ እኔ ባስወጣሁት በር ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አባቴን ብትጠይቁት፣ መኪናውን አጥፍቼዋለሁ ብሎ ይምልላችኋል። ቆሟል፤ ዝም ብሏል። በዕድሜው ሙሉ ለእሱ ዝም ያለ ሞተር የጠፋ ሞተር ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፤ ይስቁብኛል። የዚያን ቀን ሁለተኛውን የደወልኩት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ስልኩን የምታነሳው እናቴ ናት። አባቴ አነሳው። እማዬስ ብዬ ጮክ አልኩ፤ እሱ ሁልጊዜ ጮክ ካላሉለት ስልክ ላይ መልስ አይሰጥም።

«ተኝታለች» አለኝ። «እኔም ራሴን ከብዶኛል። ትንሽ ልጋደም ነው።»

እናቴ ቀን ተኝታ አታውቅም። ወዲያው ከአባቴ ድምፅ በስተኋላ አንድ ነገር ግርር ብሎ ተነሳና ሳያቋርጥ ማጉረምረም ጀመረ። ከአንድ ክፍል ማዶ እንኳ አይመስልም፤ እዚያው ነው።

«አባዬ፣ ያ የምን ድምፅ ነው?»

«የምን ድምፅ?»

«መኪናው አልጠፋም! ጭሱ እየገባባችሁ ነው፤ ተነስና በሩን ክፈት!»

የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። አባቴ በጣም ቀስ ብሎ መኪናው ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው አለኝ። የቆርቆሮውን በር እንዲከፍት ለመንኩት። «እሺ» አለ። ወንበር ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም። ደግሜ ለመንኩት። «እሺ» አለ፤ ድምፁ ሳሳ። ስልኩን ከዘጋሁት የሚተኛብኝ መሰለኝ። በግራ እጄ እሱን እንደያዝኩ በቀኝ እጄ የቢሮውን ስልክ አነሳሁና ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ። አባቴ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው። «አባዬ አትተኛ፣ አናግረኝ፣ ስድብም ቢሆን ስደበኝ» እለዋለሁ። በስድስተኛው ጥሪ ሰፊው አነሳ።

የነገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ስልኩን ሳይዘጋ ወርውሮት ሮጠ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ጆሮዬ የሚሰማኝ ባዶ ሱቅ ነው፤ በሌላው ያ ሞተር። አባቴ መልስ መስጠት አቆመ። ስሙን ጠራሁ፤ የእናቴንም ስም ጠራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ጸለይኩ ብል ውሸት ነው፤ አሥሯን ደቂቃ ነበር የምቆጥረው፤ ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር ግን አላወቅኩም። በመጨረሻ በአባቴ ስልክ ውስጥ የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ፣ ሰፊውም «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ወዲያው ለባሌ ደወልኩ። እሱ ነው ሁለቱንም ጭኖ ያደረሳቸው።

ሆስፒታል ስደርስ እናቴ ውስጥ ናት፤ መግባት አልተፈቀደም። አባቴን ለአንድ ሰዓት ያህል ኦክስጅን ሰጥተውት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ነግሬህ አልነበረም ወይ ልለው ነበር። እንዲያውም ተቆጥቼ ነበር፤ ከቁጣዬም በታች ያን በር በግድግዳው ላይ ያስወጣሁት እኔ መሆኔ እየበላኝ ነበር። ባሌ ፊቴን አየና አሁን ዝም በይ አለኝ። ሄጄ አባቴ አጠገብ ቆምኩ። ታናሽ እህቴ ከምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ ተነስታለች። ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ሆንን።

ከዚያ አፏንና አፍንጫዋን በጭምብል የሸፈነች ወጣት ሐኪም ወጣችና ቀጥታ ወደ አባቴ ሄደች። ጎንበስ ብላ በለሰለሰ ድምፅ አናገረችው።

«አባት፣ ባለቤትዎ ነቅተዋል። አደጋውን አልፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀና «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» አላት። ሐኪሟ ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች። እሱ ፊቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ወለሉን ያያል። ደንግጦ ነው፣ ደስታው ቀስ ብሎ ይመጣለታል ብዬ አሰብኩ። ብዙ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ አናገረኝ።

«ለእህትሽ አንቺ ንገሪያት» አለኝ። «እኔ አፌ አይችልም። ከአውቶቡሱ ስትወርድ፣ ሰው መሃል እንዳይሆን።»

በመጀመሪያ የሚለው አልገባኝም። እናቴ ነቅታለች፤ ይህን ለመናገር አፍ የማይችለው ምኑ ነው? ከዚያ ነገሩ በአንዴ ገባኝ። ሐኪሟ ጭምብል ለብሳለች፤ አፏ አይታይም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። አባቴ አልሰማትም። ስንት ጊዜ ይሆን ያልሰማው? መመሪያውን ሳነብለትም አልሰማኝም። መኪናው ሳይጠፋ ቁልፉን ይዘው ሲወርዱ በቀጭኑ ይጮሃል፤ ያን ጩኸት እኔ ጆሮዬን እስኪያመኝ እሰማዋለሁ፤ እሱ ምንም አይሰማውም። አምስት እርምጃ ርቀት ላይ የተነሳውን ሞተር እኔ በስልክ ሰምቼዋለሁ። አራት ወር ሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ያለው ግትር ስለሆነ መስሎን ስንስቅበት፣ ለካ ከመኪና ሁሉ የሚሰማው የናፍጣው ብቻ ሆኖ ነው። አርባ ዓመት ሞተር በጆሮው ሲያክም የኖረ ሰው ይህን ለማን ይናገራል?

አጠገቡ ተንበረከክኩና አፌን ከጆሮው ጋር አገናኘሁ።

«አባዬ፣ እማዬ አልሞተችም። ነቅታለች።»

ፊቱን አዙሮ ከንፈሬን አየ። ዓይኑ ከከንፈሬ አልነቀል አለ።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት። እጄን ያዘኝና እንደገና በይ አለኝ። እንደገና አልኩት። ነርሷ መጥታ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ እዚህ ሰው ተኝቷል እስክትለን ድረስ እየጮህኩ ነገርኩት።