የአሰልጣኙ ቤት

ገነቴ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ናት። ባሏ ሆሴዕ የዚያው ክለብ ዋና አሰልጣኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከልምምድ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስም ሞተ። ቡድኑን ምክትሉ ሶፎንያስ በጊዜያዊነት ያዘ።

ሚያዝያ ላይ ቦርዱ ተተኪ እንዲቀጠር ወሰነ። ማስታወቂያውን የጻፈችው ገነቴ ናት። «የሥራ መደብ፦ ዋና አሰልጣኝ፤ ብዛት፦ አንድ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተም አድርጋ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና ምሳዋን በላች።

ሰባት ሰዎች አመለከቱ። አንደኛው ከሩቅ የመጣ ነበርና «የበፊቱ አሰልጣኝ ለምን ለቀቀ?» ሲል ጠየቃት።

«ሞቶ ነው።»

ሰውየው ደነገጠ። «እግዚአብሔር ቤተሰቡን ያጽና» አለ።

«የትምህርት ማስረጃህ ኮፒ የለውም» አለችው።

ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ሶፎንያስና ሙሉአለም የሚባል የሾኔ ሰው። ሙሉአለም ከፍ ያለ የአሰልጣኝነት ፈቃድ አለው፤ አዲስ አበባም ሠርቷል። ሶፎንያስ ያለው የስድስት ዓመት ምክትልነት ነው። ሁለቱም ተጠይቀው ወጡ። ከአምስቱ የቦርድ አባላት አንዱ ስላልተገኘ ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነ።

ሰብሳቢው አቶ ሊሻን መነጽራቸውን አውልቀው ቃለ ጉባኤ ወደምትይዘው ገነቴ ዞሩ።

«ገነቴ፣ ሆሴዕ ስለ ሶፎንያስ ቤት ውስጥ ምን ይል ነበር? እንደ ወንድም ነው የምጠይቅሽ።»

ሆሴዕ ብዙ ጊዜ ይል ነበር። ጫማውን እያወለቀ፣ «ይሄ ልጅ ጨዋታ ሲያነብ ከእኔ ይበልጣል» ይላት ነበር። ይህን ብትናገር ይበቃ ነበር። የሆሴዕን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ቤት ውስጥ ስለ ሥራ አያወራም ነበር» አለች።

አቶ ሊሻን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ በሰብሳቢነታቸው ለሙሉአለም ወሰኑ። ገነቴ ጻፈችው። ቀጥሎ የተነሳው የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ ነበር፤ እሷ እስካሁን የምትኖረው ክለቡ ለአሰልጣኙ በሰጠው ቤት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ተወሰነ። አቶ ሊሻን «የምትቸገሪ ከሆነ ተናገሪ» አሏት። አልቸገርም አለች። ያንንም ጻፈችው።

ሶፎንያስ በረንዳው ላይ ከረቫቱን ፈቶ ኪሱ ከትቶ ተቀምጧል። ስትወጣ ፊቷን አይቶ ብድግ አለ።

«ሙሉአለም ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ። «በርቺ» ብሏት ሄደ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሶፎንያስ አንዲት ፒክአፕ ይዞ ዕቃዋን ሊያጓጉዝላት መጣ። አልጠራችውም። አልጋውን ፈትተው ከጫኑ በኋላ ፍራሹን በገመድ ሲያስር አጠገቡ ቆመች።

«አቶ ሊሻን ጠይቀውኝ ነበር፤ ስላንተ» አለች። «ሆሴዕ ስላንተ ‹ጨዋታ ሲያነብ ከእኔ ይበልጣል› ይለኝ ነበር። አልነገርኳቸውም።»

ሶፎንያስ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ለምን?»

«እንጃ። የሆነ ነገር መናገር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ምንም ነገር ለውጥ የሚያመጣ መስሎ አልታየኝም።»

«እንዲህ ብሎ ነበር?»

«ብዙ ጊዜ።»

ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው። «ለእኔ አንድ ቀንም ብሎኝ አያውቅም» አለ፤ ከሾፌሩ ጎንም ገባ። አዲሱ ኪራይ ቤቷ ደረሱ። ዕቃውን አውርዶ ውሃ ጠጣና ሄደ። በምክትልነቱ ግን ቀጠለ።

ሰኞ ሙሉአለም ውሉን ሊፈርም ቢሮ መጣ። ፈርሞ እስክሪብቶውን ሲመልስላት እንደማመንታት አለ።

«ባለቤትሽን አውቀው ነበር። ተጫዋቾች ሳለን ዱራሜ ላይ ተጋጥመን ቁርጭምጭሚቴን ረገጠኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ጎንበስ ሲል ዳኛው ቢጫ አወጣበት።»

ገነቴ ሳታስበው ሳቀች። አጭር ነበር፤ ራሷም ደነገጠች።

«መቼ ነው?» አለችው።

ሙሉአለም አሰበ። «ዓመቱን አላስታውስም።»

«ክረምት ነበር? በጋ?»

«አላስታውስም እህቴ።»

ውሉን ተቀበለችው፤ ግን ሆሴዕ ጎንበስ ሲል በዓይኗ ለመሳል እየሞከረች ፋይሉ ውስጥ ወዲያው አላስገባችውም።