ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ጀሶ

ከም ከም በሚባለው በረሃ ቀይ ገደል ውስጥ ድንጋይ የሆነ አጥንት ፍለጋ ሃያ ዓመት ቆፍሬ ያገኘሁት የተበታተነ ጥርስ ብቻ ነው። የእህቴ የኢቶ ባል ባሱ ግን ገና በሦስተኛ ወሩ ሙሉ መንጋጋ አገኘ። ከሰው ልጅ በፊት የኖረ የአውሬ መንጋጋ፣ ጥርሶቹ እንደተደረደሩ ድንጋይ ሆነው። ቀናሁ፤ አልዋሽም።

ችግሩ፣ የመንጋጋው ጫፍ የገባው ጣሪያውን እንዲይዝልን ሳንነካ በተውነው ምሰሶ ውስጥ ነበር። ባሱ ምሰሶውን ከጎን እየሸረሸረ ሦስት ቀን ቆፈረ። የኔ ሥራ ጣሪያውን መጠበቅ ነው። ማታ ስንወጣ ጣሪያው ስንጥቅ ላይ ጀሶ እለጥፋለሁ፤ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አያለሁ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ተራራው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያን ቀን ማንም አይገባም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት።

መንጋጋው ሊወጣ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ለግማሽ ቀን ምን ይመጣል አልኩ። ትንሽ ጀሶ በጥብጬ ስንጥቁን ደፈንኩና በአውራ ጣቴ አለሰለስኩት።

"ዳ ሐዱ! ጣሪያዋ እንዴት አደረች?" አለ ባሱ ከውጭ፤ ዳ የሚለኝ እንደ ታላቅ ወንድም ነው።

"ካንተ የተሻለ ተኝታለች፤ ግባ።"

"አንተ ካየሃት ይበቃኛል" አለና እየሳቀ በሆዱ ተሳበ። "ኢቶም፣ ወንድሜ ያላየው ጉድጓድ እንዳትገባ ብላኛለች።"

ጥቂት ቆይቶ አፈር ልቀበለው ስገባ በመብራቱ ፊት አሸዋ ከጣሪያው ሲንጠባጠብ አየሁ። እየተንፏቀቅኩ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተመለስኩ።

"ባሱ፣ ውጣ!"

"አንድ ጥርስ ቀርቶኛል!"

"ውጣ ስልህ!"

"ቅናቱ ጀመረህ አይደል? ደህና ናት ያልከው አንተ ነህ! መንጋጋዬን ለማንም አልተውም።" መዶሻው ቀጠለ።

"ዋሽቼህ ነው! ተሰንጥቆ ነበር፤ እኔ ነኝ የደፈንኩት!"

መዶሻው ቆመ። ልብሱ ከድንጋዩ ጋር ሲፋተግ ሰማሁ፤ እየዞረ ነበር። ከዚያ ጣሪያው ወረደ።

በማግስቱ ከሌሎች ቆፋሪዎች ጋር ቆፍረን ስናወጣው ፊቱ ወደ መውጫው ነበር።

እህቴ ኢቶ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብላ ቀና አለች። "ዳ፣ ጠዋት ጀሶውን አይተኸው ነበር አይደል?"

ቆፋሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"አይቼዋለሁ" አልኳት። "ደህና ነበር።"

ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው።